ስለ ታንክ ሰንሰለትና ስለ መጋጠሚያው ታሪክ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት አድርጎ በጨጨሆ በኩል ወደ እኛ ወደ መቄት የሚወጣ መንገደኛ ዛሬ በመኪና ወንበር ላይ እያንቀላፋ ያልፋል። በ1860 ዓ. ም. ግን ይህ አቀበት በእንቅልፍ የሚታለፍ አልነበረም። በዚያ ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚሁ በጨጨሆ፥ በዘቢጥና በቤተ ሖር በኩል ነው። የመድፉ ክብደት 70 ኩንታል ያህል ነበር። በአገሩ የነበረው መንገድ ለእግረኛና ለበቅሎ እንጂ ለመንኰራኵር የተሠራ ስላልነበረ፥ ሠራዊቱ አስቀድሞ ድንጋዩን እየፈነቀለ፥ ገደሉን እየቈረጠ፥ ጐድጓዳውን እየሞላ መንገዱን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ መድፉ በሰው ጕልበት ይጎተታል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሰው ጋር በእጃቸው ይሠሩ እንደ ነበር በጊዜው በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። እንዲህ እየተደረገ የዋድላን ደጋ አልፎ፥ የዥጣን ሸለቆ (ጅጣ የሚሉትም አሉ) ወርዶና ወጥቶ፥ ደላንታን አቋርጦ፥ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ።

የሚያሳዝነው ነገር ያ መንገድ ያደረሰው መድፉን ብቻ አለመሆኑ ነው። ጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በላስታ በኩል ወደ ዋድላ በደረሰ ጊዜ፥ ቴዎድሮስ በገደሎቹ ላይ ያስቈረጡትን መንገድ ተዘጋጅቶ አገኘውና ተጠቀመበት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ ድረስ በመቅደላ አምባ ላይ አለ።

ስለ መድፉና ስለ ንጉሡ አሟሟት ብዙ ተጽፏል፤ በክፍልም ተምረነዋል። እኔ ግን የማተኵረው በመንገዱ ላይ ነው። ከባድ ነገር መንገድ በሌለበት አገር እንዴት ይሄዳል? ቴዎድሮስ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ መንገዱን አስቀድሞ መሥራት ነበር። ከ40 ዓመት ያህል በኋላ በሌላው ዓለም ሁለተኛ መልስ ተገኘ፤ ይኸውም መሣሪያው መንገዱን ራሱ ተሸክሞ እንዲሄድ ማድረግ ነው። የታንክ ሰንሰለት የምንለው ይህ ነው። ሰንሰለቱ በፊት በኩል ይነጠፋል፥ መንኰራኵሮቹም በላዩ ያልፋሉ፤ ካለፉ በኋላ ከበስተኋላ ይነሣና በላይ በኩል ዞሮ እንደ ገና ከፊት ይነጠፋል። ስለዚህ ታንክ የሚሄደው በመሬት ላይ ሳይሆን በራሱ መንገድ ላይ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ክብደትን በሰፊ ቦታ ላይ ማከፋፈል ነው። ቲ 55 የተባለው የሶቪየት ታንክ 36 ቶን፥ ማለት 360 ኩንታል ይመዝናል፤ ይህም የሴባስቶፖልን አምስት እጥፍ ነው። ነገር ግን ክብደቱ በሁለት ሰፋፊ ሰንሰለቶች ላይ ስለሚያርፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር መሬት ላይ የሚደርሰው ከአንድ ኪሎ በታች ነው። በሬ በአራት ሰኰናው ሲቆም እንኳ መሬቱን ከዚህ የበለጠ ይጫነዋል። በነሐሴ በእርጥብ ማሳ ውስጥ የበሬ እግር እንዴት እንደሚሰምጥ ያየ ሰው፥ ታንክ በረግረግ ላይ ማለፉ ከጥንቆላ የመጣ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ነገሩ የተጀመረው ለጦርነት አልነበረም፤ ለእርሻ ነው። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ ቤንጃሚን ሆልት የተባለ የእርሻ መሣሪያ ሠሪ፥ በእንፋሎት የሚሠራው ትራክተር በለስላሳ መሬት እየሰመጠ ስላስቸገረው፥ በ1897 ዓ. ም. የኋላ መንኰራኵሮቹን አውልቆ በቦታቸው ሰንሰለት አደረገበት። በሰንሰለቱ ላይ የተደረደሩት ጠፍጣፎች ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ። አካሄዱ የአባጨጓሬን ስለሚመስል ካተርፒላር፥ ማለት አባጨጓሬ የሚል ስም ወጣለት፤ ይህም ስም ዛሬ መንገድ በሚጠርጉ መኪኖች ላይ ተጽፎ ይነበባል። በእንግሊዝ አገርም ዴቪድ ሮበርትስ የተባለ መሐንዲስ በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እንግሊዞች በሽቦ አጥርና በምሽግ ላይ የሚያልፍ ብረት ለበስ ለመሥራት አሰቡና ሥራውን በሊንከን ከተማ ለሚገኝ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ሰጡት። ሞተሩ ነበረ፥ ብረቱም ነበረ፤ ያስቸገራቸው ሰንሰለቱ ነው። ከአሜሪካ ያስመጡት ሰንሰለት ቦይ በሚሻገርበት ጊዜ እየረገበ ይወልቅ ጀመር። ባላታ ከሚባል የዛፍ ሙጫና ከጨርቅ የተሠራ ለስላሳ ጠፍርም ሞከሩ፤ እርሱም አልሆነም። (አንባቢ ይህን ለስላሳ ጠፍር ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።) በመጨረሻ በመስከረም ወር 1908 ዓ. ም. የፋብሪካው ኀላፊ ዊልያም ትሪተን ከተጨፈለቀ የብረት ሳሕን የተሠራ፥ በውስጥ በኩል ከመንኰራኵሩ እንዳይወጣ የሚይዝ ከንፈር ያለው ሰንሰለት አበጀ። ታንክ የሚለውም ስም የመጣው በዚያው ጊዜ ነው፤ ምስጢሩን ለመደበቅ ሲሉ የሚሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው አሉ፥ የውሃ ማጠራቀሚያም በእንግሊዝኛ ታንክ ይባላል።

መስከረም 5 ቀን 1909 ዓ. ም. በፈረንሳይ አገር በሶም ግንባር ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጊያ ገባ። ከዚህ በኋላ በ12ኛው ቀን፥ መስከረም 17፥ አዲስ አበባ ላይ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ሁለቱ ነገሮች እርስ በርሳቸው አይገናኙም፤ ግን መስከረም 17 ቀንን የማያውቅ ተማሪ ስለሌለ ጊዜውን ለማስታወስ ይረዳል ብዬ ጻፍሁት።

አሁን ወደ መጋጠሚያው ልምጣ። የብረት ሰንሰለት የሚሠራው ከብዙ አንጓዎች ነው። እያንዳንዱ አንጓ በሁለት ጫፉ እንደ በር ማጠፊያ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ የአንዱ ጫፍ በሌላው ጫፍ መካከል እንደ ጣት ይገባና በቀዳዳዎቹ ውስጥ ፒን የሚባል ቀጭን የብረት ዘንግ ይሰካል። ቲ 34 በተባለው ታንክ በአንድ ወገን 72 አንጓዎች አሉ፤ 72 ፒኖችም አሉ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱ የወጣ እንደ ሆነ ሰንሰለቱ ይዘረጋል፤ ታንኩም በዚያ ወገን ይቆማል፥ በሌላው ወገን ያለው ሰንሰለት ግን ስለሚገፋ በቦታው ይዞራል። የሶቪየት መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት ዘዴ ቀላልና የሚያስደንቅ ነው። የፒኑን ራስ በውስጥ በኩል አደረጉና፥ በታንኩ ጐን ላይ አንድ ዘንበል ያለ ብረት በየዱት፤ ሲሄድ ወደ ውስጥ ወጣ ወጣ ያለ ፒን በዚያ በኩል ሲያልፍ ብረቱ እየመታ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ታንኩ እየሄደ ራሱን ይጠግናል።

የገበሬ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ማረሻው የተሳለ፥ ወገሉ የጠበቀ፥ ሞፈሩና ቀንበሩ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ምራኑ የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን በሬዎቹ ቀንበራቸውን ይዘው ይሄዳሉ፥ ሞፈሩም ከገበሬው ጋር ማሳው ላይ ይቀራል። የታንክ ምራን ፒኑ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ወደ ደጋችን የመጣው ሁለተኛው አዲስ መሣሪያ ታንክ ሳይሆን አይሮፕላን ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ. ም. በዘቢጥ ሜዳ በአንቺም በተደረገው ጦርነት፥ የራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ከደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ጦር ጋር ሲገናኝ አይሮፕላን በላዩ በረረ፤ አስቀድሞ የታተመ ወረቀት፥ ከዚያም ቦምብ ጣለበት። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ። ቴዎድሮስ መድፋቸውን ባስጎተቱበት ደጋ ላይ ከ62 ዓመት በኋላ ጨርሶ መንገድ የማያስፈልገው መሣሪያ መጣ ማለት ነው። ስለ አንቺም የሚጻፈው ከዚህ በላይ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቈየን።

ታንክ በኢትዮጵያ ምድር ላይ በብዛት የታየው በ1928 ዓ. ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ነው። ኢትዮጵያም ከዚያ በፊት ከኢጣልያ የመጡ ፊያት 3000 የሚባሉ ጥቂት ታንኮች ነበሯት፤ ከጥቂትነታቸው የተነሣ ግን በጦርነቱ ላይ ያመጡት ለውጥ የለም። ኢጣልያኖች በብዙ ይዘውት የመጡት ሲ ቪ 33 እና ሲ ቪ 35 የተባለውን ትንሽ ታንክ ነው። ይህ ታንክ 32 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ የሴባስቶፖልን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ርዝመቱ ከሦስት ሜትር ጥቂት ይበልጣል፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ነው፤ ቆሞ ለሚያየው ሰው ከደረት አያልፍም። በውስጡ ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን ተጣብበው ይቀመጣሉ። የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሱ ከፊት ለፊት ተተክሎ ጥቂት ወደ ቀኝና ወደ ግራ ብቻ ይዞራል። ሰዎቹ ወደ ውጭ የሚያዩት በጠባብ ስንጥቅ ነው። የላይኛው የሰንሰለቱ ክፍል የሚንሸራተተው በእንጨት ሐዲድ ላይ ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ በሽሬ ግንባር የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተከዜን ተሻግረው ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ. ም. በደምበጉና ማለፊያ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተጋጠሙ። በዚያ ቀን ኢጣልያኖች ዘጠኝ ታንኮች ነበሯቸው፤ በመሪያቸው በማጆር ክሪኒቲ ትእዛዝ ታንኮቹ የተከበበውን ጦር መንገድ እንዲያስከፍቱ ወደ ፊት ተላኩ። ዘጠኙም ከኢትዮጵያውያን እጅ አላመለጡም።

ይህ እንዴት ሆነ? በብዙ ሰው አፍ የሚነገረው ታሪክ የአንድ ባላምባራስ ታሪክ ነው፤ ከኋላ በኩል ታንኩ ላይ ዘሎ ወጣና በብረቱ ላይ መታ፥ በውስጥ ያሉት ምን መጣ ብለው መስኮቱን ሲከፍቱ በጎራዴ ጨረሳቸው ይባላል። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ እኔም ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ጀግንነቱን ብቻ ተርከን ብናቆም የእነዚያን ሰዎች ማስተዋል እናሳንሰዋለን። መትረየሱ ወደ ኋላ የማይዞር መሆኑን ካላዩ ከኋላ በኩል ባልመጡ ነበር። ሾፌሩ በስንጥቅ የሚያይ መሆኑን ካልተረዱ አጠገቡ ባልደረሱ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተዋጉበትን መሬት ያውቁታል። ደምበጉና ቋጥኝ የሞላበት ማለፊያ ነው። ትንሽ ታንክ በትልልቅ ድንጋይ መካከል ሲገባ ወይ ሆዱ በድንጋዩ ላይ ይሰቀልና ሰንሰለቱ በአየር ላይ ይዞራል፥ ወይም ድንጋይ በሰንሰለቱና በመንኰራኵሩ መካከል ይገባና ሰንሰለቱን ያወልቀዋል። መንገዱን ተሸክሞ የሚሄድ መሣሪያ መንገዱ ከወለቀበት፥ መትረየስ የተተከለበት የብረት ሣጥን ብቻ ነው።

ታንክን ያሸነፈ ጦር ጦርነቱን ያሸነፈ መስሎት የሚዘናጋ አንባቢ እንዳይኖር፥ ከስምንት ቀን በኋላ የሆነውንም እጽፋለሁ። ታኅሣሥ 13 ቀን የኢጣልያ አይሮፕላኖች በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ በተከዜ አጠገብ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ጋዝ ሰንሰለት የለውም፥ ከኋላውም አይመጣበትም። በ1928ቱ ጦርነት ሠራዊታችንን የፈታው ታንክ ሳይሆን አይሮፕላንና ጋዝ ነው ብል ብዙ የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ ጦር ከአሜሪካ ኤም 24 እና ኤም 41፥ ከ1969 ዓ. ም. ወዲህ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ቲ 54 እና ቲ 55 ታንኮችን አገኘ። የሁለቱ አገሮች የሰንሰለት ሐሳብ የተለያየ ነበር። አሜሪካኖቹ በፒኑ ዙሪያና በአንጓው ላይ ጎማ ያደርጋሉ፤ ድምፁ ይቀንሳል፥ አስፋልትም አይጐዳም፥ ዋጋው ግን ውድ ነው። በቲ 55 ላይ ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ ይፋተጋል፤ ይጮኻል፥ ቶሎ ያልቃል፥ ነገር ግን ርካሽ ነው፤ መዶሻ ያለው ወታደርም በሜዳ ላይ ይጠግነዋል።

አሁን ደግሞ ከትልቁ ታንክ ወደ ትንሹ እንለፍ። በውጭ አገር የታንክን አምሳያ አሳንሶ መሥራት የብዙ ወጣቶችና የብዙ ሽማግሌዎች ሥራ ነው፤ በገንዘብ ሳይሆን በፍቅር የሚሠሩት። አምሳያው በሣጥን ውስጥ ተፈታትቶ ይሸጣል፥ ገዢው በሙጫ ይገጣጥመዋል። በ1954 ዓ. ም. ገደማ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ በ35 ጊዜ አሳንሶ ሠራ። ለምን በ30 ወይም በ40 ጊዜ አልሆነም ቢባል፥ መልሱ የሚያስቅ ነው። በታንኩ ሆድ ውስጥ ትንሽ ሞተርና የባትሪ ድንጋዮች መግባት ነበረባቸው፤ እነርሱን የሚችለው ልክ ሲሰላ ወደ 35 መጣ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ይህን ልክ ተከተለ።

የሰንሰለቱም ጠባይ የመጣው ከዚሁ ሞተር ነው። አምሳያው በእውነት ይሄድ ስለ ነበር ሰንሰለቱ የሚዞር መሆን አለበት፤ 70 እና 80 ትንንሽ አንጓዎችን በፒን እያጋጠሙ ለልጅ መሸጥ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሰንሰለቱ ከጎማ፥ ኋላም ቪኒል ከሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ እንደ ቀበቶ ሆኖ ተሠራ። የሊንከን መሐንዲሶች በ1907 እና በ1908 ዓ. ም. ለእውነተኛው ታንክ አልሆነም ብለው የጣሉት ለስላሳ ጠፍር ለትንሹ ታንክ ሆነ። ለብረቱ የማይስማማው ነገር ለአሻንጉሊቱ የተስማማበት ምክንያት ክብደት ነው።

ግን ቀበቶ ሁለት ጫፍ አለው፤ ሁለቱ ጫፎች መጋጠም አለባቸው። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የታንኩ አካል የሚሠራበት ፕላስቲክና ቪኒል ባሕርያቸው የተለያየ ነው። ለአካሉ የሚሆነው ሙጫ ፕላስቲኩን ጥቂት አቅልጦ ያጣብቀዋል፤ ቪኒሉን ግን አይነካውም። ስለዚህ ሠሪዎቹ በአንደኛው ጫፍ ትንንሽ ጉጦች፥ በሌላው ጫፍ ቀዳዳዎች አደረጉ። ጉጦቹ በቀዳዳዎቹ ገብተው በሌላ በኩል ብቅ ሲሉ፥ ካቻቢቴ በእሳት አግሎ ራስ ራሳቸውን መጫን ነው፤ ጉጡ ይቀልጥና እንደ ምስማር ራስ ተዘርግቶ ይቀራል። የእንግሊዙ ኤርፊክስ ኩባንያም በ76 ጊዜ ላነሱት ታንኮቹ ያዘዘው ይህንኑ ዘዴ ነበር። ካቻቢቴው እጅግ የጋለ እንደ ሆነ ቀበቶውን ይበሳዋል፤ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ጉጡ አይዘረጋም። ይህን ያልወደዱ ሰዎች ወረቀት በሚያያይዘው በስቴፕለር ሽቦ ይሰፉታል፤ ሌሎችም በመርፌና በጥቁር ክር፤ ሌሎችም ወዲያው በሚደርቀው ጠንካራ ማጣበቂያ ይለጥፉታል። ከእነዚህ ሁሉ ክር የተሻለ ይመስለኛል፤ ማጣበቂያው ይደርቅና ቀበቶው ሲታጠፍ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል፥ ክር ግን ይታጠፋል።

ከማጋጠሙ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ መጋጠሚያው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። በጥርሳሙ መንኰራኵር ላይ ቀበቶው በኃይል ስለሚታጠፍ እዚያ የተቀመጠ መጋጠሚያ ይከፈታል። ስለዚህ የሚሻለው በታች በሁለት መንኰራኵሮች መካከል ወይም በላይ ከክንፉ ሥር ነው፤ በዚያ ቀበቶው ቀጥ ብሎ ያርፋል፥ ዓይንም አያየውም። ቀበቶው ያጠረ እንደ ሆነ የፊቱንና የኋላውን መንኰራኵር ወደ ውስጥ እየሳበ ያጐብጣል። ደግሞም የእውነተኛው ቲ 55 ሰንሰለት በላይ በኩል በራሱ ክብደት ረግቦ በመንኰራኵሮቹ ላይ ይተኛል፤ ቪኒል ግን ክብደት ስለሌለው እንደ በገና ክር ተወጥሮ ይቀራል። እውነቱን የሚወድ ሠሪ በጥቁር ክር ወደ መንኰራኵሩ ያስረዋል። በ35 ጊዜ የቀነሰ ታንክ ክብደቱም እንደዚያው የቀነሰ ይመስላል፤ ነገሩ ግን አይደለም፤ ርዝመት፥ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው በ35 ስለሚካፈሉ ክብደቱ የሚያንሰው በ42,875 ጊዜ ነው። የሒሳብ አስተማሪዎቻችን ይህን ምሳሌ ቢወስዱት ደስ ይለኛል።

ቪኒል ሌላም ነውር አለበት። ለስላሳ እንዲሆን ተብሎ የተጨመረበት ቅባት ከዓመታት በኋላ እየወጣ የሚነካውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፤ ተሠርተው በመስኮት ላይ የተቀመጡ ታንኮች መንኰራኵራቸው በሰንሰለታቸው ተበልቶ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች ወደ ጠንካራ አንጓ ተመልሰዋል፤ ድራጎን የተባለው ኩባንያ ደግሞ በተራ ሙጫ የሚጣበቅ ለስላሳ ሰንሰለት አውጥቷል። ብሮንኮ የሚባለውም በደምበጉና የነበረውን ዓይነት ትንሽ ታንክ በ35 ጊዜ አሳንሶ ሠርቶታል፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ያህል ነው፥ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም።

በእኛ አካባቢ ግን ታንክ በመጽሐፍና በሣጥን ብቻ የሚታወቅ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ. ም. መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በመጣ ጊዜ ጋሸናና አካባቢዋ የውጊያ ቦታ ነበሩ። የብረት ሰንሰለት አስፋልት ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ከእኛ መካከል የማያውቅ ጥቂት ነው፤ አንዳንዶቻችን ሌሊት ገና ከሩቅ እንለየዋለን። ይህ ድምፅ እንደሚያስፈራ አልክድም። ነገር ግን የሚያስፈራን ነገር እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ፍርሃቱን እንደሚያቀለው ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ተረድቻለሁ። ለታናናሾቻችን አንድ ነገር አሳስባለሁ። ውጊያ ከነበረበት ቦታ ለመጫወቻ ብላችሁ ብረት አታንሡ፥ የተቃጠለ መኪናና ታንክ ውስጥም አትግቡ፤ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ የሚገኘው በዚያ ነው። ታንክ ለመሥራት ካርቶንና የባሕር ዛፍ እንጨት ይበቃል።

በትምህርት ቤታችን በዓል ለኤግዚቢሽን የቀረበው ታንክም የተሠራው ከዚሁ ነው። የደምበጉናው ዓይነት ሲሆን በ10 ጊዜ ስለ ተቀነሰ ርዝመቱ 32፥ ወርዱ 14፥ ቁመቱ 13 ሳንቲሜትር ነው። አካሉ ካርቶን፥ መንኰራኵሮቹ የባሕር ዛፍ፥ ሰንሰለቱ አሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው። ቪኒል የለንም፤ ላስቲክ ግን ቅባት ስለማይተፋ ለካርቶናችን ይሻላል። ስለ ማጋጠሚያው ጎሚስታዎች እንደሚያደርጉት ሁለቱን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት አሻክረን፥ ማስቲሽ ቀብተን፥ ማስቲሹ በጣት ሲነካ የማይለጥፍ እስኪሆን ጠብቀን ብንጫነው ደኅና ይይዝ ነበር። እኛ ግን ሌላውን መንገድ መረጥን። የእያንዳንዱን ጫፍ ላስቲክ በሦስትና በሁለት ጣት ቈርጠን፥ ጣቶቹን ወደ ኋላ አጥፈን በናይለን ክር ሰፋናቸው፤ አምስት ቀለበቶች ሆኑ። የአንዱን ጫፍ ቀለበቶች በሌላው መካከል አስገብተን በውስጣቸው አንድ የብስክሌት ራጂ አሳለፍን። እንደ እውነተኛው ታንክ በፒን ተጋጠመ ማለት ነው።

መጋጠሚያውን ከክንፍ ሥር አልደበቅነውም፤ በፊት በኩል፥ ሁሉ ሰው በሚያየው ቦታ ላይ ነው ያለው። ታንኩን በክር የሚጎትት ጎብኚ ራጂውን በሁለት ጣቱ ስቦ ሊያወጣውና ሰንሰለቱ ሲዘረጋ፥ ታንኩም ሲቆም ሊያይ ይችላል። ራጂው አንድ ብቻ ስለ ሆነ መልሶ በቦታው እንዲሰካው በትሕትና እንለምናለን።